ሦስት መቶ አርባ አንድ ባዶ መልእክት

ባዶዎቹ መልእክቶች ሦስት መቶ አርባ አንድ ነበሩ። ሁሉም የአንድ ሰው ናቸው፤ ያ ሰው ደግሞ እህቴ ናት።

ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔው ነኝ። አለቃችን «ጽሑፍ ሳይኖረው የተላከ መልእክት ካለ፣ በማን እንደተላከ ለቅመህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አምጣልኝ» ስላለችኝ፣ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ ኮምፒውተሩን ጠየቅኩት። አሥር ቢሆን፣ ቢበዛ አሥራ አምስት፣ ያውም ከየሠራተኛው ትንሽ ትንሽ ይሆናል ብዬ ነበር። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ የተሳሳትኩ መሰለኝና እንደገና ጠየቅኩት። ያው ነው። የሌሎቹን አሥራ አንድ ሠራተኞች መለያ ቁጥር በየተራ አስገባሁ፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። የእሷን ሳስገባ ሦስት መቶ አርባ አንድ። ክው ብዬ ቁጥሩን ለአለቃችን በስልክ ነገርኳት።

የምንሠራው አምቡላንስ የሚጠራበት ማእከል ውስጥ ነው። አዳራሹ ውስጥ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ በየጠረጴዛው ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው ተቀምጦ የተጨነቀ ሰው ይሰማል። ሠራተኛው አድራሻውን በአንድ ሳጥን፣ ደዋዩ የነገረውን በሌላ ሳጥን ይጽፍና «አስቀምጥ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ጽሑፉ በዚያው ቅጽበት መኪናው ውስጥ ካለው ስክሪን ላይ ይወጣል። ይህን የሚያደርገውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በክፍሌ በር ላይ «የኮምፒውተር ክፍል» የሚል ተለጥፏል፤ ክፍሉም፣ ኃላፊውም፣ ተላላኪውም እኔው ነኝ። በፕሮግራሙ እኮራ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር አዳራሹን ሳስጎበኝ ያየኝ ሰው ማእከሉን ከአባቴ የወረስኩት ይመስለው ነበር።

እህቴ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። እኔ እታለም እላታለሁ፤ ሌላው ሁሉ እትዬ ይላታል። አሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም፣ ፊደል ያስቆጠረችኝም፣ ሳጠፋ ጆሮዬን የቆነጠጠችኝም እሷ ናት። እዚህ ሥራ ያስገባችኝም እሷው ናት፤ «ወንድሜ ይህን ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው» ብላ ለያኔው አለቃ ነግራ። ጡረታ ለመውጣት አሥራ አንድ ወር ቀርቷታል።

ጉዳዩ የተነሣው ከአሥር ቀን በፊት ነው። ከአንድ ብየዳ ቤት ተደወለና እህቴ አነሣች። ሰው ኤሌክትሪክ ይዞታል። መልእክቱን ጽፋ ላከች፤ አምቡላንሱ እዚያው አቅራቢያ ስለነበር በሦስት ደቂቃ ደረሰ። ሹፌሩን ሁላችንም ጥድፊያ ነው የምንለው፤ መኪናው በደንብ ሳይቆም እሱ ወርዷል። ስክሪኑ ላይ የነበረው አድራሻው ብቻ ነው፤ ከአድራሻው በታች ነጭ። ጥድፊያ የወደቀ ሰው አየ፣ ሮጦ ገባ፣ ትከሻውን ይዞ ሊጎትተው እጁን ሰደደ። ሠራተኞቹ «አትንካው» እያሉ ሲጮሁ በመኪናው ጡሩምባ አልሰማቸውም። ሽቦው ከሰውየው ደረት ሥር ነበር፤ መብራቱም አልጠፋም። ብየዳ ሠራተኛው ተርፏል። ጥድፊያም ተርፏል፤ ግን የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተቆርጠዋል፤ ከእንግዲህ መሪ ይያዝ አይያዝ ሐኪሞቹም አያውቁም።

ሆስፒታል ተኝቶ የሰጠው ቃል አንድ መስመር ነው፦ «እትዬ ምንም አልጻፉልንም።»

ስለዚህ ስብሰባ ተጠራ። አለቃችን፣ የሕግ ክፍሉ ሰውዬ፣ ጥድፊያ፣ እህቴና እኔ። እህቴ በቸልተኝነት ሰው ጎድታለች ከተባለ ትባረራለች፤ የሕግ ክፍሉ ሰውዬ እንደሚለው ነገሩ ፍርድ ቤትም ሊደርስ ይችላል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷን ውሃ ሊበላው ነው። ማስረጃው ደግሞ የእኔ ዝርዝር ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ ዝርዝሩን ካየሁ በኋላ ጥፋተኛ ናት ብዬ አመንኩ። «ዕድሜ ነው» አልኩ ለራሴ። ድሮም ከኮምፒውተር ጋር ዓይንና ናጫ ናት። ሹፌሮቹ ባዶ ስክሪን ሲደርሳቸው በሬዲዮ «እትዬ፣ ዛሬም በመንፈስ ነው የላኩልን?» እያሉ እንደሚቀልዱባት አውቃለሁ፤ አብሬ ስቄያለሁ። እሷም እየሳቀች ነገሩን በሬዲዮ ትነግራቸው ነበር፤ እንዲህ እየተሸፋፈነ ነው ከዓመት በላይ የቆየው። አዲሷ አለቃችን ከመጣች ወዲህ ግን ሬዲዮው እንዳይጨናነቅ በሚል፣ ስክሪን ላይ የሚጻፍ ነገር በአፍ እንዳይነገር ታዘዘ። እህቴ ትእዛዙን ባለማክበሯ ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ብየዳ ቤቱ የደወለ ቀን አከበረችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሌ መጣች። በሩን ዘግታ ቆመች፤ ወንበር ብስብላትም አልተቀመጠችም።

«አወጣኸው ዝርዝሩን?»

«አዎ።»

«ስንት ሆነ?»

ነገርኳት። ግድግዳውን ያዘች። ያንን ፊት ከዚያ በፊት ያየሁት እናታችን የሞተች ቀን ብቻ ነው።

«ሦስት መቶ?» አለች። «እኔ እኮ ሃያ፣ ሠላሳ ይሆናል ብዬ ነው። ሁሉንም ጽፌዋለሁ። እግዜር ያውቃል፣ ጽፌዋለሁ።»

«ትጽፊና ሳታስቀምጪው ይቀራል፣ እታለም።»

«እጫነዋለሁ እኮ።»

«ሁልጊዜ?»

እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አየቻቸው፤ አስተያየቷ የሌላ ሰው ጣቶች የምታይ ያስመስላት ነበር። «እጄ ሳይከዳኝ አልቀረም» አለች። «በቃ፣ ያለውን አሳያቸው። ለእሷ ብዬ ብለህ እንዳትዋሽ። እኔስ ጨርሻለሁ፤ አንተ ገና ብዙ ትሠራበታለህ።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ማለቴ ትዝ ባለኝ ቁጥር ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

እሷ ስትወጣ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ዝርዝሩ ሙሉ እንዲሆን እያንዳንዱ መልእክት የተላከበትን ደቂቃ ልጨምርበት ፈለግኩ። ለዚያ የሚሆን አንድ ፋይል ሰርቨሩ ላይ አለ፤ ከየጠረጴዛው የሚመጣውን ሁሉ፣ ፕሮግራሙ ገና እጁን ሳያሳርፍበት፣ እንዳለ የሚመዘግብ ነው። ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም፤ እኔም ከከፈትኩት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። የብየዳ ቤቱን ቀን ፈልጌ ከፈትኩ።

ባዶ አልነበረም። እንዲህ ይላል፦

"ሽቦው ከደረቱ ሥር ነው፤ ማጥፊያውን አጥተነዋል፤ የነካው ሁሉ ይያዛል" መብራት ሳይጠፋ ማንም እንዳይጠጋ። የመብራት ሠራተኞች ተጠርተዋል።

አንዴ አነበብኩት፣ ደገምኩት፣ ሰዓቱን አየሁ፣ የእሷን መለያ ቁጥር አየሁ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ሲወርድ ያው ጽሑፍ ከአራት ሴኮንድ በኋላ ድጋሚ ተልኳል። ከሥሩ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ።

ሌሎቹን እየከፈትኩ ሄድኩ። "ልጄ መተንፈስ አቅቷታል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል" ኦክስጅን ይዛችሁ ግቡ። ሦስት ጊዜ። "አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍቱ አይሠራም፤ አባቴ ከባድ ሰው ናቸው" ተሸካሚ ይጨመር። ሦስት ጊዜ። "ብቻዬን ነኝ፤ ተነሥቼ በር መክፈት አልችልም" ቁልፉ ከመግቢያው አጠገብ ካለው ማሰሮ ሥር ነው፤ ሴትዮዋ በደንብ አይሰሙም፣ ጮክ በሉ። ሦስት ጊዜ። ሦስት መቶ አርባ አንዱም እዚያ አሉ። አንዲት ቃል አልጎደለችም፤ የሆሄ ስሕተት እንኳን የለባቸውም፤ በዚህ በኩል ድሮም ጥንቁቅ ናት።

ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ደግሞ ዘጋሁት። ግቢው ውስጥ አንድ አምቡላንስ ያጥቡ ነበር። ሰዎቹ ውሃ እየተረጫጩ ይስቃሉ፤ በዚያች ሰዓት ሰው መሳቁ ገረመኝ።

ለምን ሦስት ጊዜ? ፋይሉን ወደ ኋላ ገለበጥኩት። መጀመሪያ አካባቢ መልእክቶቿ አንድ አንድ ጊዜ ነው የተላኩት። ከዚያ አንድ ቀን ላይ ሲደርስ ሦስት ሦስት ይሆናሉ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ያጎደለችበት የለም። ቀኑን ሳየው አስታወስኩት፤ ምነው ባላስታወስኩት።

ከዓመት ከአራት ወር በፊት ነው። ሳንድዊች እየበላሁ ሳለ ክፍሌ መጥታ «መልሼ ሳየው አንዳንዱ ጽሑፌ የለም» አለችኝ። ዓይኔን ከስክሪኔ አላነሣሁም። «ቁልፉን ጠበቅ አድርገሽ ስለማትጫኚው ነው» አልኳት። «ሁለት ሦስቴ ተጫኚው፣ ይገባል።» እሺ ብላ ሄደች። ፋይሉን ከፍቶ ማየት ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። እኔ ሳንድዊቼን ጨረስኩ።

አሁን ጽሑፉን ምን እንደዋጠው ልንገራችሁ፤ ከባድ ነገር አይደለም፣ የሚያሳፍረውም እሱ ነው። ኮምፒውተር ጽሑፍ ሲሰጡት ከየት እስከ የት ጽሑፍ እንደሆነ የሚያውቀው በጥቅስ ምልክት ነው። የመጀመሪያዋን ሲያይ «ጀመረ» ይላል፤ ቀጣይዋን ሲያይ «አለቀ» ይላል። ጽሑፉ ውስጥ ራሱ ያቺው ምልክት ካለች፣ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለዋል፤ የተረፈውን ምን እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። መድኃኒቱ አንዲት ጭረት ናት። ከውስጠኛዋ ምልክት በፊት ወደ ኋላ የተጋደመች ጭረት ታስቀምጡላታላችሁ፤ «ይህች የጽሑፉ አካል ናት፣ አትቁም» ማለት ነው። በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ነው። የማያውቀው የለም፤ እኔም አውቃለሁ።

ያላወቅኩት እህቴ እንዴት እንደምትጽፍ ነው። ሁሉ ነገር በደብተር በነበረበት ዘመን፣ ያስተማሯት አለቃ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ የደዋዩ ቃል ከጥቅስ ውስጥ፣ የራስሽ ቃል ከጥቅስ ውጪ፤ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ጥሪውን አልሰማም ማለት ነው። ከዚያ ዘመን የቀረች እሷ ብቻ ናት። ተራ ጥሪ ሲሆን እንደማንኛውም ሰው ትጽፋለች። ከባድ ነገር ስትሰማ ግን የደዋዩን ቃል በጥቅስ አድርጋ ከፊት ታስቀድመዋለች፤ ሹፌሩ መጀመሪያ እሱን እንዲያይ። ለእኔ ፕሮግራም እንዲህ ያለው መልእክት ገና ሳይጀምር ያለቀ ነው። ስለዚህ ዓመት ተኩል ሙሉ የዋጠው ከባድ ከባዱን ነበር።

ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት እኮ ፕሮግራሙ ራሱ ጮኾ ነበር። እንዲህ ያለ መልእክት በመጣለት ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አዳራሹ ሁሉ ይደነቃቀፋል። ዓርብ ነበር፤ ሠርጌ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ልብስ ሰፊው እየደወለ «ካልመጣህ እዘጋለሁ» ይላል። ጭረቷን ለማስገባት አምስት ቦታ መንካት ነበረብኝ። እኔ ግን አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ጽሑፉ ካስቸገረህ እስከ ምልክቷ ድረስ ያለውን ውሰድና እለፍ፣ አትናገር የሚል። ፕሮግራሙ መቆሙን አቆመ፤ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፤ ሱፌን ልለካ ሄድኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አበው ለእኔ ነበር።

መስመሩን ከፍቼ አየሁት። በላዩ ላይ ማስታወሻ ጽፌበታለሁ፦ ለጊዜው ነው፤ ከሠርጉ በኋላ ይስተካከላል። ከሥሩ ስሜ አለ። ከሠርጉ በኋላ ልጅ ተወልዶ አሁን እየዳኸ ነው።

ጣቴን የኪቦርዱ ማጥፊያ ቁልፍ ላይ አሳረፍኩ። ይህንንም አልደብቅም። ማስታወሻውን አጥፍቼ፣ መስመሩን አስተካክዬ፣ «ከመሣሪያው ነው፣ ያጋጥማል» ብል ማን ያውቃል? እሷም ትተርፋለች፣ እኔም እተርፋለሁ። ልጄ ታየኝ። እንዲያ እያሰብኩ የሕግ ክፍሉ ሰውዬ የሚጠይቃት ጥያቄ ታየኝ፦ «መሣሪያው ከተበላሸ ዓመት ሙሉ ለምን አላሳወቁም?» አሳውቃለች። ያሳወቀችው ለእኔ ነው። እሱን ደግሞ ሞታ እንኳ አትናገርም። ያንን ቀን አንሥታ እኔን አሳልፋ ከምትሰጥ ጥፋቱን ተሸክማ ትወጣለች። ጣቴን አነሣሁ፤ የብየዳ ቤቱን መልእክት፣ ሦስት ጊዜ የተላከውን፣ ከፋይሉ በወረቀት አወጣሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ጥድፊያ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞታል፤ ወደ እህቴ አያይም። እህቴ እጆቿን ጭኗ ላይ ደብቃለች። ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች፣ ሙቀቱ እንዲያ እያለ።

«ስንት ባዶ መልእክት አገኘህ?» አለች አለቃችን።

«ባዶ መልእክት የለም» አልኩ።

«ጠዋት ሦስት መቶ አርባ አንድ ብለኸኝ አልነበር?»

«ሦስት መቶ አርባ አንዱን ፕሮግራሙ ውጧቸዋል። ሁሉም ተጽፈው፣ ሁሉም ተልከው ነበር። የዋጣቸው እኔ የጻፍኩት መስመር ነው።»

የሕግ ክፍሉ ሰውዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እህቴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ሌሎቹ የማይሰሟት መስሏት፣ «እንዳትዋሽ አላልኩህም?» አለችኝ።

«አልዋሸሁም፣ እታለም» አልኳት። ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብኩ፤ ሽቦውን፣ ማጥፊያውን፣ የነካው ሁሉ ይያዛል የሚለውን፣ ማንም እንዳይጠጋ የሚለውን።

ስጨርስ ጥድፊያ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ይደገም» አለ ጥድፊያ።

ደገምኩት። ፋሻውን አየ። ከዚያ ከአሥር ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቴን አያት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ይህን ጽፈውልን ነበር?»

እህቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ አነበበችው፤ የገዛ ጽሑፏን፣ ጣቷን ከቃል ቃል እያስሄደች። «ሦስት ጊዜ ተጫንኩት» አለች። ለእሱ ነው የነገረችው፣ ለእኔ አይደለም። «እንዲደርስህ ብዬ ሦስት ጊዜ ተጫንኩት፣ ልጄ።»

«ለምን ሦስት ጊዜ?» አለ የሕግ ክፍሉ ሰውዬ።

«ወንድሜ እንዲያ ብሎ...» ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች። ጨረስኩላት። የመጣችበትን ቀን፣ ያልኳትን፣ ሳንድዊቹን ሳይቀር ተናገርኩ።

«ፋይሉን ከፍቶ ማየት ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር?» አለ የሕግ ክፍሉ ሰውዬ።

«ሁለት ደቂቃ።»

አለቃችን ከፊቷ ካለው ማኅደር ውስጥ ሁለቱን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች አውጥታ አየቻቸው። ፊርማዋን አየች። መልሳ አልከተተቻቸውም፤ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸውና «በሬዲዮ እንዳይናገሩ የከለከልኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ጥድፊያ ወደ እኔ ዞረ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። «በመንፈስ ላኩልን ስንል አንተም ትስቅ ነበር» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔም እስቅ ነበር» አለና አንገቱን ደፋ።

የእህቴ ጉዳይ እዚያው ተዘጋ። የእኔ ተከፈተ። ውሳኔ እስኪሰጥ ከሥራ ታግጃለሁ፤ መታወቂያዬንና ቁልፌን አስረክባለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን መስመሩን አስተካክዬ እንድሄድ ተነገረኝ። አለቃችን ከኋላዬ ቆማ እያየችኝ አስተካከልኩት። አምስት ቦታ፣ አምስት ጭረት፤ ልብስ ሰፊው ሲቸኩልብኝ የሸሸኋት ሥራ አርባ ደቂቃ ፈጀች።

መሞከር ነበረበት። ጥድፊያ እኔ ነኝ የማየው ብሎ ወደ ግቢው ወረደ፤ በግራ እጁ የአምቡላንሱን በር ሲከፍት በመስኮት አየነው። እህቴ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከወንበሯ ኋላ ቆምኩ። አዳራሹ ውስጥ ወሬው ሳይዳረስ አልቀረም፤ ወጣቶቹ ማዳመጫቸውን ከአንድ ጆሯቸው ገፋ አድርገው ወደ እኛ ያያሉ።

«ምን ልጻፍ?» አለች። «የደወለ ሰው የለ።»

«እኔ ደወልኩ በይ። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ ብለሽ ጻፊ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ተመልሳ ኪቦርዱ ላይ አቀረቀረች። በጥቅስ ምልክት ጀመረች፣ ያልኩትን ጻፈች፣ ምልክቱን ዘጋች። ከዚያ እንደ ደንቡ ከምልክቱ ውጪ የራሷን ቃል ጨመረች፤ ምን እንደምትጽፍ ትከሻዋ ጋርዶኝ አላየሁም።

«አስቀምጥ»ን ተጫነች። ሁለተኛ ተጫነች። ሦስተኛ ተጫነች።

«አንዴ ይበቃል፣ እታለም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ጥድፊያ ጉሮሮውን ጠረገና የደረሰውን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። «"ጥፋቱ የእኔ ነው" ይላል የደዋዩ ቃል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ደዋዩ ወንድሜ ነው። በጣም ደንግጧል። ብቻውን ወደ ቤት እንዳትለቁት።»

አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ እህቴ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አላነሣችም።